በሩ ላይ ያለው 2628

ግንቦት 2፣ ቦንጋ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ዛሬም 150 ኩንታል። ከሺሺንዳ ቡና ጭኖ ገባ፤ ግቢው በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ጆንያው ከጎንና ከጎኑ ሳንቃ በላይ እንኳ ብቅ አላለም። ላዩ ላይ ሰርግ ይደገስበታል። ለምን አልሞላህም አልኩት። በቃት አለኝ። በቃት! የኔን መኪና ጥጋብ እሱ ይለካልኛል።

ስሚ ደብተር። ሹፌሩ ቆጪቶ ይባላል፤ የማንኪራ መንደር ልጅ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ላይ ቆ. ነው። ሙሉ ስሙን ለመጻፍ ቀለም አላባክንም።

በመኪናው በር ላይ 2628 የሚል ቁጥር አለ። በብረት ነው የተለጠፈው፣ በጠመኔ አይደለም። መኪናውን ያገናኘኝ ደላላ በጣቱ እየነካካ አስረድቶኛል፦ 26 ማለት 26 ቶን፣ 26 ቶን ማለት 260 ኩንታል። ታዲያ ቆ. 150 ጭኖ በቃት ሲለኝ፣ የቀረው 110 ኩንታል የት ይገባል? ቦታውን ለማን ነው የሚያከራየው? እኔ ሳላይ መንገድ ላይ የማንን ዕቃ ይጭንበታል?

ለዚህ መኪና ብዬ የአባቴን የጅማ ቤት ሸጫለሁ። ከእንግዲህ የምሸጠው የለኝም። የሚሰርቀኝን ሰው ደግሞ ጥርሴን እያሳየሁ አልቀልብም።

ግንቦት 3፣ ከሰዓት

የገበያ ቀን። የማር ወቅት፣ ዝናብ፣ ጭቃ፣ ንብ። ሱቁ ውስጥ መላወሻ የለም።

የዴቻ ሰውዬ ማሩን በባልዲ ይዞ መጣ። መጀመሪያ ባልዲውን ባዶውን እመዝናለሁ አልኩት። ማሩ ውስጡ ነው እንዴት ባዶውን አለኝ። ገልብጥ፣ ከዚያ እንመዝነዋለን። ተናደደ፣ ገለበጠ። ከቡናው ነጋዴ ጋር ስንት ዓመት ኖርኩ፣ እንዳንቺ ያለ አላየሁም አለ። አይታይም። እኔ ማር ነው የምገዛው፤ ባልዲ አይበላም። አባቴ ሚዛኑን ሲያወርሰኝ ያስተማረኝ ይህን ብቻ ነው፦ ዘነበች፣ ዕቃውን ሳትቀንሺ እጅሽን ኪስሽ እንዳትከቺ።

ከኋላዬ ዘነቡ ባልዲ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይበሉ። ዘነቡ ቂል ከሚሉኝ ይሻላል።

የመኪናውን ቁጥር ነገር ሱቅ ውስጥ አነሳሁት። አዋቂ ያልሆነ የለም! የመድኃኒት ቤቱ ጋሽ ታደሰ፣ 28 የተሠራበት ዓመት ነው አሉ። በማን አቆጣጠር ብላቸው ሰዓታቸውን አዩ። የመብራት ኃይሉ ሰውዬ ቮልት ነው አለ። አንዷ ደንበኛዬ፣ ሰባቱ ሰማያት ላይ ሰባት ሲደመር ምናምን ብላ ጀመረች፤ ስኳሯን ሰጥቼ ሸኘኋት። 26ቱ ግን የሚጭነው ነው፤ በዚህ ሁሉም ተስማምተዋል። ከቆ. በቀር።

ግንቦት 5፣ ማታ 1፡00

ሙሉጌታ መጣ። ታናሽ ወንድሜ (ሙ. እልሻለሁ፤ እሱን ስለምወደው ነው የማሳጥረው)። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱን ካገኘ ወዲህ እግሩ መሬት አይነካም። እናታችን ስትሞት ጡት የጣለ ሕፃን ነበር። በጀርባዬ አዝዬው ማር መዝኛለሁ። በዚህ ዓለም ላይ ሰው አለኝ ካልኩ እሱ ነው።

የ28ን ትርጉም እሱ አገኘው። 26 መደበኛው ነው፣ 28 ደግሞ ሲቸግር የሚታገሰው ነው አለ። እስከ 28 ቶን ድረስ ፋብሪካው ፈቅዶልናል ማለት ነው። አየሽ፣ የተማረ ሰው። ቆ. ግን ፋብሪካው የሰጠኝን ይነጥቀኛል።

እታለም ለኔ ስጪኝ አለኝ። ቁልፉን ማለቱ ነው። ቆይ አልኩት። ቆይ ያልኩት ቆ.ን እጅ ከፍንጅ መያዝ ስለምፈልግ ነው።

ግንቦት 8፣ ጅማ፣ ከቀኑ 9፡00

አብሬው ሄድኩ! ሳልነግረው፣ ንጋት ላይ ጋቢና ወጥቼ ቁጭ። ፊቱ ጠቆረ። ይጥቆር።

የቦንጋን ዳገት ስንወጣ መኪናዋን በካፊኖኖ ያናግራታል። ከኔ ጋር በአማርኛ ሦስት ቃል ያልተናገረ ሰው፣ ለብረት ተረት ያወራል። እኔም ካፊኖኖ እሰማለሁ፤ እዚሁ ነው የተወለድኩት። እሰይ እህቴ፣ ቀስ እህቴ ነው የሚላት። የኔን መኪና እህቴ!

ጎጀብ ቁልቁለት ሳንደርስ አቆመ። ወርዶ ዞራት፣ ጎማውን በዱላ መታ፣ ከሥር ገብቶ ጭነቱን የሚሸከመውን ብረት፣ ባሌስትራውን፣ ዳሰሰ። አሁን የሚጭንበት ሰው ይመጣል ብዬ ዓይኔን ወደ ጫካው ተከልኩ። ከጉሬዛ በቀር ማንም አልመጣም። ከዚያ በትንሽ ማርሽ፣ እንደ ነፍሰ ጡር፣ እየጎተተ ወረደ። አህያ የያዘ ሽማግሌ ቀደመን። መሃል ላይ ደግሞ አቆመ። የሆነ ነገር ይሸታል፣ ጎማ የተቃጠለ የመሰለ። ምን ትጠብቃለህ አልኩት። ፍሬኑ ይቀዝቅዝ አለ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫቱን እንኳ አልቃመም፤ ዝም ብሎ ጎማውን ያያል።

እኔ ስላለሁ ነው ያልሰረቀው። ሌላ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

ግንቦት 10፣ ጠዋት

ሐጂ ሰይድ ደወሉ። የሺሺንዳው ቡና ነጋዴ፣ ደንበኛችን። 260 ኩንታል አላቸው፣ ጅማ ለሚጠብቃቸው ገዢ ባንዴ መድረስ አለበት። ሹፌርሽ በሁለት ዙር ይላል፣ እኔ ሁለት ዙር የምጠብቅበት ጊዜ የለኝም፣ ካልቻላችሁ ሌላ መኪና አይጠፋም አሉኝ። በትሕትና ነው ያሉት፤ የሳቸው ትሕትና ከስድብ ይቆጠቁጣል።

ቆ.ን አስጠራሁት። ቁጥሩን አሳየሁት። መኪናው በር ድረስ እጁን ይዤ ወስጄ፣ አንብብ አልኩት። አነበበ። ምን ይላል? ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሃያ ስምንት ይላል አለኝ። ሊቀልድብኝ! ትርጉሙን ነው የጠየቅሁህ አልኩት።

«ትርጉሙን እኔ አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ባሌስትራውን ነው።»

ይሄው ነው። የማያውቀውን ቁጥር ነው የሚከራከረው። እንግዲያው የሚያውቅ ይንዳው። አሰናበትኩት። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ጨርቁን ከጋቢናው አወጣ፣ ሄደ። በር ላይ ዞር ብሎ አንድ ነገር አለ፦ ለሙሉጌታ ጎጀብን አትስጪው። እርግማን ነው የመሰለኝ። አፍህን ይቁረጠው አልኩት።

ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ከንዴት ነው።

ግንቦት 11

ሙ. ቁልፉን ሲይዝ አየሁት። ጉንጬን ስሞ፣ ጋቢናውን አጥቦ፣ በመስታወቱ ላይ የእናታችንን ፎቶ ሰቀለ። አለቀስኩ። ምን ሆነሽ ነው እንደ ቀብር አለኝ። ደስታም እኮ ያስለቅሳል።

ሐጂ 13 ይጫን ብለዋል። እሺ ብያለሁ። ሁሉንም፣ ባንዴ።

ግንቦት 13፣ ንጋት 12፡40

አልምርም! አልምርም!

ጎማው በሙሉ ተንፍሷል። የፊቱም የኋላውም። መኪናዋ ግቢዬ ውስጥ እንደ ታመመች ላም ተኝታለች። ዘበኛው አባ ገብሬ አይቷል፦ ቆ. ነው፤ ጎህ ሲቀድ በአጥር ገብቶ፣ አንድ በአንድ፣ ተረጋግቶ። ለምን አልያዝከውም ስለው፣ ደህና አደሩ ሲለኝ መለስኩለት እንጂ ምን ላድርግ አለኝ። ደህና አደሩ!

ሌባ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ቂመኛም ነው። እንጀራዬን ነጠቀችኝ ብሎ በወንድሜ እንጀራ መጣ።

ጣቢያ ልሄድ ነው።

በዚያው ዕለት፣ ከሰዓት

ተያዘ። ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው ያገኙት፤ አልሸሸም። አዎ እኔ ነኝ አለ። መርማሪው ለምን ሲለው የመለሰለት ይህ ነው፦

«ነፋሱን ነው የወሰድኩት፤ ጎማውን አልወሰድኩም።»

ፖሊሶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። አባ ገብሬ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ። ጎሚስታው፣ መኪናዋ እንደተነፈሰች ስትገፋ ሁለቱ ጎማ ተሰንጥቋል፣ ከጅማ እስኪመጣ ጠብቂ አለኝ። ሐጂን ለመንኩ። እኔ! የማልለምነው ሰው ለመንኩ። እስከ 17 ብቻ አሉኝ።

ግንቦት 15፣ 4፡00 ሰዓት

ቆ. ከጣቢያ ሆኖ መሰለኝ፣ ሽማግሌ ላከ። ትናንት ሦስት ሰዎች ከማንኪራ መጡ፤ እንደቆሙ ነው የመለስኳቸው። ሕግ ባለበት አገር ሽማግሌ ምን ያደርጋል? ፍርድ ቤት ቀጠሮ ሰጥቶበታል፤ እዚያ ይናገር።

ዛሬ ደግሞ እናቱ። በእግራቸው ነው የመጡት፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው። ጉልበቴ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዝኳቸው። አንድ ባልዲ ነጭ ማር አምጥተዋል፣ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ። ልጄ አንድም ቀን የሰው ዕቃ አልነካም፣ ምን እንደ ነካው እኔም አላውቅም፣ ይህን ተቀበዪኝ አሉ።

ጉቦ መሰለኝ። ጉቦ አልበላም። ማሩን ገልብጬ፣ ባልዲውን ባዶውን መዝኜ፣ ቀንሼ፣ የማሩን ዋጋ በእጃቸው አደረግሁ። ባልዲያቸውን መለስኩላቸው። ሴትዮዋ ባልዲውን ይዘው ቆሙ። ሄዱ ስል አልሄዱም።

«የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ የሰጠሁሽ ከነዕቃው ነበር» አሉኝ።

ገንዘቡን ባንኮኒው ላይ ትተውት ወጡ። እስካሁን እዚያው ነው። አልነካሁትም። አባ ገብሬም አይነካውም፤ እንደ ድግምት ያየዋል።

ምን አስጨነቀኝ? ልጃቸው ነው የበደለኝ። እኔ አይደለሁም።

ግንቦት 17፣ ጅማ፣ 6፡00

ጎማው ተገጥሞ፣ ጠዋት ሙ. ወደ ሺሺንዳ፣ እኔ በአውቶቡስ ወደ ጅማ። ማሬን ለምሸጥለት ድርጅት ሃያ ጀሪካን ይዤ መጥቻለሁ። ጀሪካኑን እዚህ እነሱ ይቀንሱብኛል። ደስ አይልም፤ ግን ልክ ነው።

በሩ ላይ የመኪና መመዘኛ አላቸው፤ መኪና እንዳለ ይወጣበታል። ተራዬን ስጠብቅ አንድ መኪና ወጣ። የኔን ቁርጥ! ቀለሙ ብቻ ይለያል። በሩ ላይ ምን አለው? 2628። ልቤ ዘለለ። ባዶ ነው፤ ላዩ ላይ ጆንያ ቀርቶ ገለባ የለም። መዛኙ በመስኮቱ ጮኸ፦ አስራ አንድ ቶን።

ሚዛናችሁ ተበላሽቷል አልኩት። ባዶ መኪና 110 ኩንታል የሚመዝነው በየት አገር ነው? ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝ። ቁርሱን ያልበላ ዓይነት ሰው። ብረት እኮ ነው፣ ላባ መሰለሽ እንዴ አለኝ። እኔም አልተውኩትም። እኔ ሚዛን ላይ ነው ያደግሁት፣ ያችው መኪና እኔም አለችኝ፣ 26 ቶን ነው የምትጭነው አልኩት።

አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ከመስኮቱ ወጣና በሩ ድረስ መጣ፣ ቁጥሩን በጣቱ ነካው፣ ልክ እንደ ደላላው። 26 ማለት ጠቅላላ ክብደት ነው አለ፤ መኪናው፣ ሹፌሩ፣ ናፍጣው፣ ጭነቱ፣ ሁሉም ተደምሮ። ከዚያ በላይ ከሆነ ፍሬኑ አይመልሰውም። 28 ደግሞ በአስር ይባዛል፣ የሞተሩ ጉልበት ነው፣ 280 ፈረስ።

ፈረሱ ይቅርብኝ አልኩት። 26ቱን ድገምልኝ።

ከነመኪናው ነው አለኝ። ከነራሱ።

ደብተር፣ ጀሪካኔ ላይ ተቀመጥኩ። 26 ቶን፣ ከዚያ መኪናው 11። ሲቀነስ 15። 15 ቶን ማለት 150 ኩንታል። ቆ. ባሌስትራውን ዳስሶ ያገኘው 150። እኔ ዘነቡ ባልዲ፣ የገበሬ ባልዲ ሳልቀንስ እጄን ኪሴ ከትቼ የማላውቅ፣ የዚህችን ትልቅ ባልዲ ክብደት ሳልቀንስ...

ከነዕቃው ነበር አሉኝ ሴትዮዋ።

6፡40

ሙ. ጋ ደወልኩ። አነሳ። ከኋላው ጫኞቹ ይዘፍናሉ። እታለም ሞላን፣ 260፣ አንድ ሳይጎድል፣ ሐጂ ራሳቸው አጨበጨቡ አለኝ። አውርድ አልኩት። ምን አለ። አውርድ! ኔትወርኩ ተቆረጠ። ደወልኩ። ደወልኩ። ማግኘት አይቻልም ትላለች ያቺ ሴት። እሷንም ሰደብኳት።

ጅማ መናኸሪያ፣ 7፡15

ማሬን ሳላስመዝን ትቼ ወጣሁ። ሚኒባሱ ሁለት ሰው ይጎድለዋል ብሎ ቆሟል። ሁለቱንም ወንበር እኔ ልያዝ አልኩት፤ ይሂድ ብቻ።

ሙ. ዛሬ ከሺሺንዳ ቦንጋ ይገባል፤ እስከዚያ መንገዱ ይሸከመዋል ብዬ ለራሴ እነግራለሁ። ነገ ንጋት ላይ ነው ጎጀብን የሚወርደው። ሠላሳ ሰባት ቶን ይዞ፣ ለሃያ ስድስት በተሠራ ፍሬን፣ በዝናብ። በመስታወቱ ላይ እናታችን አለች። እኔ ነኝ የጫንኩት። ማንም አይደለም፤ ደላላውም አይደለም። በየመንገዱ 260 ስል የከረምኩት እኔ ነኝ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው። እየሄድን ነው። ሚኒባሱ ያንገጫግጫል፣ ጽሑፌን ራሴም አላነበውም። ይበቃኛል።

ቦንጋ፣ 12፡00፣ ሊመሽ ሲል

ደርሷል። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ተመስገን አልኩ፤ ወዲያው ሥሯን አየሁ። ባሌስትራው ተለምጧል፣ ወደ ላይ ቀና ብሎ መዋል የነበረበት ወደ ታች ተገልብጧል። ጎማው እንደ ሊጥ ተንጣሏል። እኔ እንኳ፣ ምንም የማላውቀው፣ ሳየው አመመኝ።

ሙ. ሸሚዙን ቀይሮ፣ ጎረቤት ሰብስቦ፣ እየሳቀ ይጠብቀኛል። ወደ ጥግ ወሰድኩት። ስለ ባልዲው ነገርኩት። ስለ 11 ቶን ነገርኩት። ሳቀ። መዛኙ ማን ነው፣ የመኪና ፋብሪካ ነው እንዴ አለኝ። እዚህ ድረስ መጥታ የለም ወይ፣ ከሺሺንዳ እስከዚህ ምን ሆነች? ሐጂ ነገ ከጠዋቱ 3፡00 ጅማ ይጠብቁናል፣ ቃል ገብቻለሁ፣ በሁሉም ፊት አጨብጭበውልኛል።

አራግፍ አልኩት። በመጀመሪያው ሥራዬ አታዋርጂኝ አለኝ። ቁልፉን አምጣ አልኩት። ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ከዚያ ደግሞ የቀረውን ተናገረ። አንቺ አይደለሽ ያልሽው? ሰውዬውን ያባረርሽው ለዚህ አይደል? ያሳሰርሽው ለዚህ አይደል?

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ዛሬ ዝምታዬ ውስጤ ሲነቅዝ ተሰማኝ። በአራት ዓመቱ ሲወድቅ የማነሳው ልጅ ነው። አሁን ከኔ በላይ ቁመት አለው፤ እጁን ጠምዝዤ ቁልፍ መቀማት አልችልም። ሐጂ ጋ ደወልኩ፤ ቡናው የኔ፣ መኪናው ያንቺ ነው፣ እናንተው ተስማሙ አሉኝ። ልክ ናቸው። አስጠሉኝ።

ግንቦት 18፣ ንጋት 11፡30

ዶሮ ጮኋል። ያካፋል። ሙ. ቤት ውስጥ ተኝቷል፤ 12 ላይ ቀስቅሺኝ ብሎኛል።

ጋቢናው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። እየሰማሽ ነው? ስስስ የሚለው ጎማው ነው። ቫልቩን ስጫን የክብሪት እንጨት ተሰበረብኝ፣ በሚስማር ሆነ። የፊቱን ሁለቱን ጨረስኩ፣ የኋላውን ግማሹን። ቀላል አይደለም፤ ጣት ይቆርጣል፣ ነፋሱ ፊት ላይ ይመታል፣ ሽታው ያቅለሸልሻል። አንድ በአንድ፣ ተረጋግቶ ነበር አለኝ አባ ገብሬ። እኔ አልተረጋጋሁም። እያለቀስኩ ነው፤ ከንዴት አይደለም።

ሙ. ሲነቃ ይጮሃል። ይጩህ። የሚጮኸው በሕይወት ያለ ሰው ነው። ሐጂ ሌላ መኪና ይፈልጉ። ጎረቤቱ ይሳቅ፤ ዘነቡ የገዛ መኪናዋን አስተነፈሰች ይበል።

አባ ገብሬ መጣ። ዣንጥላውን ይዞ ራሴ ላይ ዘረጋው፣ ሚስማሩን አየ፣ እኔን አየ።

«እትዬ፣ ይሄንንም ጣቢያ ሄጄ ልመስክር?» አለኝ።

አዎ አልኩት። አብረን እንሄዳለን። አሁኑኑ፣ ይሄ የመጨረሻው ጎማ ሲያልቅ። ክሱን አነሳለሁ። ለምን ካሉኝ፣ እሱ ያደረገውን እኔም አድርጌዋለሁ፣ ያ ወንጀል ከሆነ ለኔም ቦታ አዘጋጁልኝ እላለሁ። እናቱ ባንኮኒው ላይ የተዉት ገንዘብ እዚያው ይቆይ፤ ባልዲያቸውን ግን እኔው ማንኪራ ድረስ ሄጄ እለምናቸዋለሁ።

ይቅርታ ማለት አልችልበትም፣ ታውቂኛለሽ። እሱም አይወድም፤ ያን ፊቱን አውቀዋለሁ። ቁልፉን ከሙ. ተቀብዬ እሰጠዋለሁ፣ ያ ብቻ። ስንት እንደሚበቃት እሱ ይንገረኝ፤ እኔ አልቆጥርም። ሙ.ን አጠገቡ ያስቀምጠው፣ ጎጀብን እንዴት እንደሚወርዱ ያሳየው፣ በትንሽ ማርሽ፣ እየጎተተ። እህቴ ይበላት ከፈለገ።

ያው አለቀ፤ ጎማው ዝም አለ። ቤት ውስጥ የሙ. አልጋ ሲንቋቋ ሰማሁ። መሄድ አለብን። ጣቢያ ቃል ስሰጥ ስሙን ሙሉውን መጥራት ሊኖርብኝ ነው፤ እስቲ መጀመሪያ አንቺ ላይ ልልመደው። ቆጪቶ። ቆጪቶ